በተሳሳተ ደጅ የተሳለ ስለት

ጎረቤቴ ስለ ልጇ ዕጣ መጀመሪያ የነገረችኝ መኪና ውስጥ ነው፤ እዚህ ቴክሳስ፣ ከዩለስ ወደ አዲሰን ስንሄድ፣ ትራፊኩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ። የታይላንድ ሰው ናት። አዲሰን ባለ አንድ የታይላንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ትሠራለች። እኔ እዚያው ሕንፃ ፎቅ ላይ፣ የጥርስ ሐኪም ቢሮ ውስጥ የኢንሹራንስ ጉዳይ እከታተላለሁ። የምንኖረውም አንድ አፓርትመንት ነው፤ እሷ ከታች፣ እኔ ከላይ። ስሜን ትታ «ፒ» ትለኛለች። በቋንቋቸው ታላቅ እህት ማለት ነው፣ እኛ እትዬ እንደምንለው።

«ፒ፣ ልጄ ዘንድሮ ሃያ አንድ ይሞላዋል» አለችኝ።

«እንኳን አደረሰው።»

«እሱን እንኳ ተይው» አለችና መሪውን በጣቶቿ መታ መታ አደረገች።

ከዚያ ነገረችኝ። በአገሯ ወንድ ልጅ ሃያ አንድ ሲሞላው ኤፕሪል ላይ ወረዳው ይጠራዋል። ሸሚዙን አውልቆ ይሰለፋል። ቁመቱ ይለካል፣ ደረቱ ይለካል፣ ክንዱ ላይ በማርከር ቁጥር ይጻፍበታል። ከዚያ ሰዉ ሁሉ እያየው እጁን ሳጥን ውስጥ ከቶ አንዲት ወረቀት ያወጣል። ጥቁር ከወጣለት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቀይ ከወጣለት ሁለት ዓመት ወታደር ነው።

«እንደ ሎተሪ?» አልኳት።

«እንደ ሎተሪ። ልዩነቱ እናቶች ከገመዱ ወዲያ ቆመው ራሳቸውን መሳታቸው ነው።»

ልጇን አውቀዋለሁ። ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል፤ ዝምተኛ ነው፣ ደረጃ ላይ ካገኘኝ የያዝኩትን ዕቃ ሳይጠይቅ ይቀበለኛል። እናቱ ሥራ ፍለጋ ወደዚህ ስትመጣ አያቱ ጋ ነው የቀረው፤ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው አስመጣችው። የአሜሪካ ፓስፖርት አለው። እዚያ ግን አሁንም የአያቱ ቤተሰብ መዝገብ ላይ ያለ ልጅ ነው፣ መጥሪያውም የመጣው ለአያቱ ነው። ተማሪ ቢሆን ኖሮ ያቆዩለት ነበር፤ እሱ ግን ኮሌጁን ባለፈው ዓመት ትቶታል።

«ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምንም። እዚህ ይቀመጣል። ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው አገሩን አይረግጥም። ከሠላሳ በኋላ ሳጥን የለም።»

«አያቱስ?»

«እናቴ ሰማንያ ዓመቷ ነው» አለች። ሁለታችንም ማስላት እንችላለን።

በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ ምሽት ቤቷ ራት ጠራችኝ። የነበርነው እሷና ልጇ፣ የምግብ ቤቱ ዋና ወጥ ሠሪ፣ እና እዚያው አስተናጋጅ ሆና የምትሠራ ጓደኛዋ ነን። ጓደኛዋ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥፍሯን በጥንቃቄ የምትቀባ ናት፤ ወንድ ተብላ ተወልዳ ሴት ሆና የምትኖር። ለእኔ ሲሉ በእንግሊዝኛ ነበር የሚያወሩት፤ ሲስቁ ግን ይረሱኝና ወደ ቋንቋቸው ይመለሳሉ።

ወሬው ያው ዕጣው ነው። ወጥ ሠሪው ሃይስኩል ሳለ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ፀጉሩን ተላጭቶ የወታደር ልብስ ለብሶ ተሰልፏል፤ ያን የጨረሰ ከዕጣው ነፃ ነው። ወንድሙ ግን ለሰልፍ ሰነፈና ሌላ መንገድ መረጠ። በላ። ሐኪሙ አይቶ እስኪመልሰው ድረስ በላ።

«ወፍሮ አመለጠ» አለ ወጥ ሠሪው። «ዕጣው ካለፈ ስንት ዘመኑ፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ እያመለጠ ነው!»

ተሳቀ። አስም ያለበት መስሎ የሚያስለው ተነሳ፣ ለሰው ጉቦ አቀብሎ ቀይ የወጣለት ተነሳ። አንዱም እንደ ነውር አላወራውም፤ ዝናብ መጥቶ ሰው እንዴት እንደተጠለለ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። እኔ ሩዜን እየበላሁ ልጁን አያለሁ። ጀርባውን ሰጥቶን ሰሃን ያጥባል።

«እንደውም ቀላል ነው» አለ ወጥ ሠሪው፤ «ሊፕስቲክ ቀብተን እንላከው!»

ጓደኛዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እኔ ተቀብቼ ሄጃለሁ» አለች። «ፀጉሬ እስከ ወገቤ ነበር። ያ ሁሉ ወንድ እያፏጨ ሐኪሙ ፊት አቆሙኝ። ‹አሳዪ› አሉኝ። መጋረጃ ነበር፣ ግን አጭር ነው፤ እስከ ጉልበቴ እንኳ አይደርስም። ቀልዱ የቱ ጋ እንደሆነ አሳየኝ እስቲ፣ አብሬህ ልሳቅ።»

«ይቅርታ ፒ» አለ ወጥ ሠሪው፤ አንገቱን ደፍቶ ሾርባውን ጠጣ። ከዚያ በኋላ ስለ ዕጣው ማንም አላነሳም።

በማግስቱ በሬ ተንኳኳ። ልጁ ነው።

«አንቲ፣ ሐሙስ ኤርፖርት ታደርሺኛለሽ?»

«እዚያው አይደል የምትሠራው? አድራሽ ምን ያደርግልሃል?»

«ሻንጣ ይዤ ስወጣ እናቴ ታየኛለች። ሻንጣው እስከ ሐሙስ አንቺ ጋ ቢቆይ ብዬ ነው።»

ገባኝ። ቲኬቱን ቆርጧል። ለምን እንደሚሄድ ጠየቅሁት፤ በቆመበት፣ ጫማውን እያየ መለሰልኝ። «አያቴ ናት ያሳደገችኝ። ሠላሳ እስኪሞላኝ ብጠብቅ ማንን ልጠይቅ ነው የምሄደው?»

እውነቱን ነው። ግን ሰው መደበቅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሻንጣ መደበቅም ያው ነው። «አንተንም ሻንጣህንም አልደብቅም» አልኩት። «ለእናትህ ንገራት። ከነገርካት አደርስሃለሁ። ካልነገርካት ከእኔ ጋር አልተያየንም።»

ነገራት። ወለሉ ቀጭን ስለሆነ ሰማሁ፤ ቋንቋውን ባላውቅም የሚለመን ልጅ ድምፅና የምትለምን እናት ድምፅ በየትኛውም ቋንቋ አይጠፋም። ትንሽ ቆይታ ወደ እኔ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አንቺ ነሽ የምታደርሺው?»

«ከነገረሽ፣ አዎ።»

«ነግሮኛል።»

«ኦኬ» አልኳት።

ሐሙስ ዕለት ሳትጠራ መጥታ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። እሱ ከፊት፣ እኔ ጋ። ኤርፖርቱ ስንደርስ መንገደኛ የሚወርድበት ጋ አቆምኩ። ሻንጣውን አወረደና የኋላውን በር ከፍቶ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ ገጥሞ፣ ግንባሩ ጉልበቷን እስኪነካ ሰገደላት። እሷ ፊት ለፊት እያየች ነበር። የፖሊሱ ፊሽካ ሲጮህብን ብቻ እጇን አንስታ ራሱ ላይ አሳረፈች፤ ወዲያው አነሳችው።

ከዚያ ቀን በኋላ በየመኪናችን መሄድ ጀመርን። ጠዋት ፓርኪንግ ላይ እንገናኛለን፤ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ትለኛለች፣ ሞተሯን ታስነሳለች። የተቆጣ ሰው ቢጮህብኝ ይቀለኛል። የሷ ትህትና ግን ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ይከተለኝ ነበር፤ አንድ ፋይል ሦስቴ አንብቤ ምን እንዳነበብኩ አላውቅም። ቀይ ቢወጣለትስ? ያደረስኩት እኔ ነኝ።

ዕጣው የሚወጣበት ሳምንት ሲገባ ሰኞ ጠዋት መኪናዬ አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ገብታ ተቀመጠች። ሀይዌይ ገባን።

«በእናንተ አገርስ እንዴት ነው?» አለች ድንገት።

«እኔ ልጅ ሳለሁ ዕጣ አልነበረም» አልኳት። «የሚመጣው መኪና ነው። አፈሳ እንለው ነበር። ወጣት ያገኙበት ቤት ገብተው አፍሰው ይሄዳሉ።»

«ወንድም ነበረሽ?»

ነበረኝ። እናቴ ኮርኒሱ ላይ ደበቀችው፤ በደረቱ ተኝቶ ከረመ። ምግብ የማቀብለው እኔ ነበርኩ፤ ጠረጴዛ ላይ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ እኔ። ቀበሌዎቹ ተማሪ ቤት እየመጡ ልጆችን «ወንድም ያለው ማነው?» ይላሉ ሲባል እናቴ ሰማች፤ የልጅ አፍ አይታመንም ብላ ከትምህርት ቤት አስቀረችኝ። ጊዜው ሲያልፍም አልመለሰችኝም፤ የቤት ውስጥ ሥራው ለምዶኝ፣ እሷም ለምዳኝ። ሁለተኛ ደረጃን የጨረስኩት እዚህ ቴክሳስ፣ ፀጉሬ ሽበት ሲጀምረው ነው። ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። የነገርኳት ስለ ኮርኒሱ ብቻ ነው።

«ተረፈ?»

«ተርፏል።»

«እናትሽን አመሰገናት?»

«አንድም ቀን።»

መስኮቱን ታይ ነበር። «እኔ ምስጋና አልፈልግም» አለች።

«እናቴም አልፈለገችም።»

የዕጣው ቀን እኛ ጋ ምሽት ሲሆን እነሱ ጋ ገና ጠዋት ነው። ከሥራ እንደተመለስን ቤቷ ጠራችኝ። ጓደኛዋም መጣች። ልጁ ትቶት የሄደውን ታብሌት ጠረጴዛው ላይ አቁመን፣ የልጁ አጎት ከአዳራሹ ቪዲዮ ኮል እስኪያደርግ ጠበቅን። ውጭ ገና ብርሃን ነበር፤ የአፓርትመንቱ ልጆች ፓርኪንጉ ላይ ኳስ ይጫወታሉ።

ያልጠበቅሁት ነገር የጎረቤቴ እርጋታ ነው። ፍራፍሬ ቆርጣ አቀረበች። ፀጉሯን ተሠርታለች።

«ዛሬ ደህና ነሽ» አልኳት።

«እናቴ ስለት ተስላለች» አለች ፈገግ ብላ። «ትናንት ነው የነገረችኝ። የጎረቤት ሰዎች በአውቶቡስ ሲሄዱ አብራቸው ሄዳ፣ በዚያ ጉልበቷ! ልጁ ጥቁር ከወጣለት መቶ የተቀቀለ እንቁላል ላስገባ ብላ ተሳለች።»

እኔ የምሄድበት የአማርኛ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ስለት አይወድም። እናቴ ግን ለወንድሜ ያልተሳለችበት ደብር አልነበረም፤ ስለዚህ ስለት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ፣ የተሳለ ሰው ፊት እንዴት እንደሚፈታ አውቃለሁ። ደስ አለኝ።

«የት ሄዳ?» አለች ጓደኛዋ፣ ማንጎ እያነሳች።

ጎረቤቴ የቤተ መቅደሱን ስም ነገረቻት። ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ያለ፣ ትልቅ፣ ሰው ከየአገሩ የሚጎርፍበት ነው አለችኝ ለእኔ።

ጓደኛዋ ማንጎውን መለሰችው።

«ለዚህ? እዚያ ለዚህ ተሳለች?»

«ምነው?»

«እዚያማ ለዚህ አይለመንም! የዚያ ቤተ መቅደስ ቡድሃ ወታደር ይወዳል። ልጅ ለምኚው፣ ይሰጥሻል። ሥራ፣ ጤና፣ የፈለግሽውን። ከወታደርነት አውጣኝ ላለው ግን ቀይ ነው የሚያወጣለት። የዚያ ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔ ከዚያ ነኝ፤ ሲሳሉ ‹ከውትድርናው በቀር› እያሉ ነው።»

ጎረቤቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «እኛ የሰሜን ምሥራቅ ሰዎች ነን» አለች። «እናቴ በምን ታውቃለች? ትልቅ ነው ሲሏት ሄደች።»

ሳጥኑ ስለ እንቁላል አያውቅም፣ ቀዩም ጥቁሩም ቀድሞ ተቆጥሮ ገብቷል ልላት አሰብኩ። ፊቷን አየሁና ተውኩት።

«ይነሳል?» አለች። «ስለቱ ይነሳል?»

«ይነሳል። ግን የተሳለው ሰው ራሱ፣ እዚያው ሄዶ ነው።»

«ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ መንገድ! አሁን ሊጠሩት ነው እኮ!»

ታብሌቱ ጮኸ። የአጎቱ ፊት መጣ፣ ላብ በላብ፤ ከዚያ ስልኩን አዞረው። የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ይዞራል፣ ወለሉ ላይ ደረታቸው የተራቆተ ወጣቶች በረድፍ ተቀምጠዋል፣ ከገመዱ ወዲያ ሴቶች። አያቲቱን ሙቀቱ ይጎዳታል ብለው ቤት ትተዋታል። አጎቱ በገመዱ ጥግ ተጠግቶ ስልኩን ለልጁ አቀበለው። ክንዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ይታያል።

እናቱ ቃላቱን እያጣደፈች በቋንቋዋ ተናገረች። ጓደኛዋ ጆሮዬ ሥር እየተረጎመች ትነግረኝ ነበር። «ስለ ቤተ መቅደሱ ነገረችው... ሳቀ።» ልጁ በእርግጥ ሳቀ፤ ጥርሱን አየሁት። «አሁን ‹ሳጥኑ ሳይከፈት በፈቃድህ ግባ› እያለችው ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ዕጣው ከመጀመሩ በፊት ፈቃደኛ ማነው ብለው ይጠይቃሉ። እንደ እሱ ሃይስኩል የጨረሰ ሰው በፈቃዱ ከገባ አንድ ዓመት ብቻ ነው። ቀይ ከወጣለት ግን ሁለት።»

አንዲት ቀን አልሰጥም ስትል የከረመችው እናት አሁን አንድ ዓመት ስጥ ትለዋለች። ቀዩን ያየችው ያህል እርግጠኛ ሆናለች።

ልጁ መሳቁን አቆመ። አንድ ነገር ጠየቀ።

«‹አያቴ ታውቃለች?› አለ። አታውቅም አለችው። ‹ቀይ ካወጣሁ ግን አንዱ ጎረቤት ይነግራታል› አለ።»

ልጁ ወደ ጎን አየ፤ እዚያ አንድ መኮንን ማይክሮፎን እየሞከረ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ተረጋግቶ ተናገረ። ጓደኛዋ ተረጎመችልኝ።

«‹ጥቁር ባወጣ የኔ ዕድል ነው› አለ። ‹ቀይ ባወጣ ግን የአያቴ ጥፋት ይሆንና እስክትሞት ይዛው ትኖራለች። ራሴ ከገባሁ የማንም አይደለም።›»

እናቱ ይህን ስትሰማ ከወንበሯ ተነሳች። «ቆይ!» አለችው፤ ይህቺን ቃል ሳትተረጎምልኝ ገባችኝ። ሌላም ሌላም አለችው፣ እጆቿን ታብሌቱ ላይ ዘርግታ።

«ምን አለችው?»

«ጥቁርም ሊሆን ይችላል አለችው። ምናልባት አያትህ የተሳለችው አልደረሰ ይሆናል አለችው። እሷም የምትለውን አታውቅም።»

«እሱስ?»

«‹እማ፣ አንዱን ምረጪ› አላት።»

አልመረጠችም። እዚያ ማዶ ማይክሮፎኑ ጮኸ፣ መኮንኑ ተናገረ፣ ረድፉ ላይ አንድ እጅ ተነሳ፣ ከኋላ ሌላ እጅ። ልጁ ስልኩን ለአጎቱ መለሰ። አጎቱ ሲቀበለው ሥዕሉ ወደ ጣሪያው ሄደና ተመለሰ፤ ሲመለስ የልጁ እጅ ተነስቶ ነበር። ክርኑ ቀጥ ብሏል። ከገመዱ ወዲያ ያሉት ሴቶች አጨበጨቡለት፤ እያንዳንዱ ፈቃደኛ ከሳጥኑ አንድ ቀይ ይቀንስላቸዋልና፣ ለየልጆቻቸው ነው የሚያጨበጭቡት።

ጎረቤቴ አላለቀሰችም። ወደ መታጠቢያው ሄዳ ፊቷን ታጠበችና ስልኳን አነሳች።

«ለእናቴ እኔ ነኝ የምነግራት» አለችን። «ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ።»

መኝታ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው። ትንሽ ቆይቶ ድምፅዋ መጣ፤ ያን ድምፅ ከሷ ሰምቼው አላውቅም፣ ቀጭን፣ የደስታ ድምፅ ነው። ጓደኛዋ አንገቷን ወደ በሩ ዘንበል አደረገች።

«ምን እያለቻት ነው?»

«ስለትሽ ሰምሯል እያለቻት ነው። ሁለት ዓመት የነበረውን አንድ ያደረገው ያ ቡድሃ ነው፣ አንቺ ባትሄጂ ኖሮ ሁለት ነበር አለቻት።»

እኔ ቢሮ ውስጥ አንዲት ፊደል የተሳሳተችበትን ወረቀት ወደ መጣበት የምመልስ ሰው ነኝ። ቤተ ክርስቲያንም ሰባኪው ጥቅስ ቢያሳስት ሳላርመው አልወጣም። ዝም ብዬ ሰማሁ።

«አያቲቱስ?»

«ታለቅሳለች። ትስቃለችም። ‹እኔ እኮ ትልቅ ነው ብዬሽ ነበር› ትላለች።»

ከዚያ ጓደኛዋ መተርጎሟን ተወች። ከበሩ ወዲያ ያለው ድምፅ ዝቅ ብሎ ቀጠለ።

«አሁንስ?»

«አሁን ስለ ሙቀቱ ነው የሚያወሩት።»

አጎቱ መስመሩን አልዘጋውም ነበር። ታብሌቱ ውስጥ ሳጥኑ ተከፍቶ የቀሩት ልጆች በተራ እየሄዱ እጃቸውን ይከታሉ። አንዱ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ዘረጋ፤ ከገመዱ ወዲያ የሌላ ሰው እናት ጮኸች። ለየትኛው ቀለም እንደጮኸች ሳላይ፣ ታብሌቱን በፊቱ ደፋሁት።